ከሰርቨር ወደ ክላየንት ክስተት ማሳወቅ፦ ግንኙነት ሲቋረጥ መልእክት እንዳይጠፋ

ክላየንቱ (ለምሳሌ የተጠቃሚው ብሮውዘር) በየ5 ሰከንዱ «አዲስ ነገር አለ?» እያለ ሰርቨሩን የሚጠይቅበት አሠራር ለሙከራ ያህል ይበቃል። ተጠቃሚ ሲበዛ ግን አብዛኛው ጥያቄ «የለም» የሚል መልስ ይዞ የሚመለስ ከንቱ ልፋት ነው። ይልቅ ግንኙነቱ ክፍት ሆኖ ይቆይና ሰርቨሩ ራሱ ይናገር። ይህን ማስጀመር ቀላል ነው። የሚከብደው ግንኙነቱ ተቋርጦ እስኪመለስ የተፈጠረውን ክስተት አለማጣት ነው።

መልእክቱ ከሰርቨር ወደ ክላየንት ብቻ የሚሄድ ከሆነ ሰርቨር ሰንት ኢቨንትስ (ኤስኤስኢ) ይምረጡ። ተራ ኤችቲቲፒ ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ብሮውዘሩ ራሱ መልሶ ይገናኛል። ሁለቱም ወገኖች ቶሎ ቶሎ የሚነጋገሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ በጌም ላይ፣ በሁለቱም አቅጣጫ መልእክት የሚያስኬደው ዌብሶኬት ይሻላል፤ መልሶ የማገናኘቱ ኮድ ግን የእርስዎ ሥራ ይሆናል። ያለ በቂ ምክንያት ወደ ዌብሶኬት የሚሮጥ ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያለው ለኤስኤስኢ ነው።

ክስተቱን ከመላክዎ በፊት ዳታቤዝ ውስጥ ይመዝግቡ፤ ዋናውን ለውጥ በሚያስቀምጠው ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ለውጦች ጥቅል) ውስጥ ይሁን። ለእያንዳንዱ ክስተት እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር ይስጡት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ዳታቤዙ በራሱ የሚጨምረው ቁጥር የሚሰጠው መዝገቡ ሲገባ እንጂ ትራንዛክሽኑ ሲጸድቅ አይደለም። 41ን የያዘው ትራንዛክሽን ቢዘገይና 42 ቀድሞ ቢጸድቅ፣ ክላየንቱ 42ን ያይና «ከ42 በኋላ ያለውን ስጠኝ» ይላል። 41 በዚያው ቀረ። ስህተቱ ጭነት ሲበዛ ብቻ ስለሚታይ በሙከራ ወቅት አይያዝም። መከላከያው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም ርዕስ አንድ የቆጣሪ ረድፍ ይዞ በትራንዛክሽኑ ውስጥ እሱን ቆልፎ ማሳደግ ነው፤ ያኔ ቁጥሩና የሚጸድቅበት ቅደም ተከተል አይለያዩም። ጽሕፈቱ ትንሽ ይዘገያል፤ ዋጋው ግን ተገቢ ነው።

የሰርቨሩ መልስ የይዘት ዓይነቱ «ቴክስት/ኢቨንት-ስትሪም» መሆን አለበት። እያንዳንዱ ክስተት የአይዲ፣ የኢቨንትና የዳታ መስመር ይኖረዋል፤ መጨረሻው ባዶ መስመር ነው። ባዶውን መስመር ከረሱ ብሮውዘሩ የክስተቱን ፍጻሜ እየጠበቀ ዝም ይላል። በየ15 ሰከንዱ ደግሞ በሁለት ነጥብ (:) የሚጀምር የአስተያየት መስመር ይላኩ። ክላየንቱ ይንቀዋል፤ መሀል ላይ ሆኖ ጥያቄና መልስ የሚያስተላልፈው ሰርቨር (ፕሮክሲ) ግን መስመሩ ሥራ ፈት መስሎት አይዘጋውም።

አዲስ ግንኙነት ሲመጣ ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። መጀመሪያ ለቀጥታ ክስተቶች ይመዝገቡና የሚመጣውን በወረፋ ያቆዩ፤ ቀጥሎ ያመለጠውን ከዳታቤዝ አንብበው ይላኩ፤ በመጨረሻ ከወረፋው አስቀድሞ የተላከውን በቁጥሩ ለይተው እየጣሉ ቀሪውን ያስከትሉ። ቀድመው ዳታቤዙን ካነበቡ፣ በሁለቱ መሀል የተፈጠረ ክስተት ከሁለቱም ያመልጣል።

ብሮውዘሩ መልሶ ሲገናኝ ያየውን የመጨረሻ ቁጥር «ላስት-ኢቨንት-አይዲ» በሚባለው ሄደር (ከጥያቄው ጋር አብሮ በሚሄድ መግለጫ) ይልካል። ገጹ እንደ አዲስ ሲከፈት ግን ይህ ሄደር የለም። ስለዚህ የገጹ የመጀመሪያ ዳታ እስከ ስንት ቁጥር ድረስ እንደሆነ ይናገር፤ ክላየንቱም ቁጥሩን በዩአርኤሉ ይላክ። ሁለቱም ከመጡ ሄደሩን ይመኑ፤ ዩአርኤሉ ያረጀ ነው።

«ብሮውዘሩ ራሱ መልሶ ይገናኛል» የሚለውም ገደብ አለው። ሰርቨሩ እየተቀየረ ሳለ ፕሮክሲው 502 የተባለውን የስህተት ኮድ ከመለሰ ብሮውዘሩ ተስፋ ቆርጦ ለዘለቄታው ይዘጋዋል። በስህተት ማስተናገጃው ውስጥ የግንኙነቱ ሁኔታ 2 (የተዘጋ) መሆኑን ይፈትሹና አዲስ ይክፈቱ፤ በ1፣ በ2፣ በ4 ሰከንድ እያሉ እስከ 30 ያራዝሙ፤ በዚያ ላይ የዘፈቀደ መዘግየት ይጨምሩ። አለዚያ ሰርቨሩ በተነሣ ቅጽበት ክላየንቱ ሁሉ በአንዴ ይረባረብበታል።

ክስተቶቹ በየተራ ሳይሆን ተጠራቅመው በአንድ ጊዜ የሚደርሱ ከሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የኮድዎ አይደለም፤ በፕሮክሲነት የሚያገለግለው ኤንጂንኤክስ በነባሪው መልሱን ያጠራቅማል። ክስተቶቹ ለሚላኩበት ዩአርኤል ይህን ማጠራቀም (ባፈሪንግ) ያጥፉ። ሰባተኛው ታብ ላይ ገጹ ከቆመ ደግሞ ምክንያቱ በኤችቲቲፒ 1.1 ብሮውዘሮች ለአንድ ዶሜይን 6 ግንኙነት ብቻ መፍቀዳቸው ነው፤ ወደ ኤችቲቲፒ 2 ይዛወሩ። የብሮውዘሩ የኤስኤስኢ ኦብጀክት የራስዎን ሄደር ስለማይቀበል ለማንነት ማረጋገጫ ኩኪ ይጠቀሙ። የማንነት ማረጋገጫ ኮዱን (ቶክን) በዩአርኤል ላይ ከጻፉት የሰርቨር ሎግ ውስጥ ይቀራል።

ሲጨርሱ ይህን ይሞክሩ፦ የክላየንቱን ኔትወርክ ያጥፉ፣ 10 ክስተት ይፍጠሩ፣ ሰርቨሩን አጥፍተው ያስነሡ፣ ኔትወርኩን ይመልሱ። አሥሩም፣ አንዱም ሳይደገም፣ በተራቸው መታየት አለባቸው። ሁለት ጊዜ የታየ ካለ ክላየንቱ ያየውን ቁጥር እያመሳከረ አይደለም።