ልጃችሁን አብዱራህማን ካላችሁት ስሙን አትቁረጡት

ሰነድ ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ ስተረጉም በየጊዜው የሚያናድደኝ ስህተት ስሙን ለሁለት መክፈል ነው። በላቲን ፊደል «አብዱል» ብለው ይጽፉና ክፍተት ትተው «ራህማን» ይላሉ። ልጁ አድጎ ዓረብ አገር ሲሄድ «አብዱል» የእሱ፣ «ራህማን» የአባቱ ስም ይሆንና እውነተኛው አባት አያት ሆኖ ቁጭ ይላል! አንድ ወጣት የልደት ካርዱ ላይ ስሙ አንድ ላይ፣ ፓስፖርቱ ላይ ተከፍሎ፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ ደግሞ «አብዱ» ተብሎ መጣልኝ። በወረቀት ሦስት ሰው ማለት ነው። ሥራው እየጠበቀው እሱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ከረመ፤ እኔም አብሬው ተቃጠልኩ። እባካችሁ አንድ ላይ አጽፉት። ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ከዓቂቃው (ለልጁ መወለድ ከሚደረገው እርድ) በኋላ ጊዜ አላችሁ፤ ከመፈረማችሁ በፊት በሁለቱም ፊደል አንብቡት።

ትርጉሙ «አዛኝ» ነው የሚሏችሁን አትስሙ። አዛኙ አላህ ነው፣ ልጁ የአዛኙ ባሪያ ነው። «አብድ» ባሪያ ነው፤ «አር-ራህማን» ደግሞ ከአላህ ስሞች አንዱ፣ 55ኛው የቁርኣን ሱራ (ምዕራፍ) የተሰየመበት። ዑለማዎች (የእስልምና ሊቃውንት) ሰውን «ራህማን» ብቻ ብሎ መጥራትን የሚከለክሉት ለዚህ ነው፤ ስሙ የአላህ ብቻ ነው። እናት ቤት ውስጥ «አብዱ» ብላ ብታቆላምጠው ግን እኔ ክፋት አይታየኝም፣ ሰነድ ላይ እስካልገባ ድረስ።

ከአብዱረሂም ጋር አታምታቱት፣ ሌላ ስም ነው።

የስሙን ታሪክ ለልጁ አለመንገርም ያሳዝነኛል። ብዙ ወላጅ «የአያትህ ስም ነው» ብሎ ያልፋል። አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደዱት ስሞች አብዱላህና አብዱራህማን መሆናቸውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደተናገሩ ሰሒሕ ሙስሊም በተባለው የሐዲስ መጽሐፍ ላይ ተዘግቧል። ሰሓባው (የነቢዩ ባልደረባ) አብዱራህማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ከመስለማቸው በፊት ሌላ ስም ነበራቸው፤ ይህን ያወጡላቸው ነቢዩ ናቸው። ደግሞ እኮ የመካን ግፍ ሸሽተው በ615 ገደማ ወደ እኛው አገር፣ ወደ ነጃሺ ከተሰደዱት አንዱ ናቸው! ይህን ንገሩት። ያወቀ ልጅ ክፍል ውስጥ «አብዱል» ብለው ሲጠሩት ዝም አይልም፣ ራሱ ያርማቸዋል።