ኮሮላዋ ሞቃ አልነሳ ስትል፦ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ለኩ

በ1990ዎቹ የተሠራች ባለ ኢንጄክሽን ኮሮላ ናት። ጠዋት ወዲያው ትነሳለች፤ ሞቃ ስትቆም ግን አልነሳ ትላለች፣ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ አላት። ካንዴላና ፊልትሮ መቀየር፣ ኢንጄክተር ማሳጠብ ምንም አልለወጠም። የቼክ መብራትም አልበራ፤ የዚህ ሴንሰር የብልሽት ኮድ 22 የሚወጣው ሽቦው ሲቆረጥ ወይም ሾርት ሲያደርግ እንጂ ንባቡ ሲዛባ አይደለም።

የሙቀት ጌጁ ልክ መሆኑ አያታላችሁ። እሱ የራሱ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር አለው፤ ቤንዚኑን ለሚመጥነው የሞተር ኮምፒውተር የሚነግረው ባለ ሁለት ሽቦው ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ የሴንሰሩን ሁለት ፒኖች በቴስተር ለኩ፦ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም መሆን አለበት። በድሬዳዋ ጥላው 30 ዲግሪ ሲሆን 1.7 ኪሎ ኦም ገደማ ብታነቡ ጤነኛ ነው። የዚህችኛዋ ሞተሩ በደንብ ሞቆም ከ2 ኪሎ ኦም አልወረደም፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ቀዝቃዛ እያለ ቤንዚን ያበዛ ነበር።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ጥቂት ውሃ አስወጡ፣ ሴንሰሩን በ19 ቁልፍ ፍቱት፣ አዲሱን በአዲስ የመዳብ ሮንዴላ እሰሩ። ናስ ስለሆነ ከመጠን በላይ አታጥብቁት፣ ጥርሱ ይበላል። የድሬ የቧንቧ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ የአሮጌው ጫፍ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ነበር። ስለዚህ በዲስትልድ ውሃና በኩላንት ሙሉት፣ አየሩ እስኪወጣ ክዳኑን ሳትዘጉ አስነሱት።