አያታችሁን እንደነበረችው አስታውሷት፦ የህይወት ታሪኳን እንዴት እንሰብስብ፣ እንዴትስ እንፃፍ

አያቴ ስታርፍ የህይወት ታሪኳን የፃፍኩት እኔ ነኝ። ማታ 4 ሰዓት ላይ አረፈች፣ ቀብሩ በማግስቱ 6 ሰዓት ተባለ፣ ቤቱ በለቃሽ ሞልቶ እኔ አንድ ጥግ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ስፅፍ አጎቶቼ ከላይ ከላይ እየነገሩኝ "ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው፣ ለልጆቻቸው መልካም እናት ነበሩ" ብዬ ጨረስኩት። ተነበበ። ከቀብር መልስ እጃችንን ታጥበን ስንገባ የማርያም ማህበር ጓደኛዋ ክንዴን ያዝ አርገው "ልጄ፣ የማንን ታሪክ ነው ያነበባችሁት?" አሉኝ።

ልክ ነበሩ። አያቴ ማለት እኮ የዳሯትን ባል ጥላ ከቡልጋ አዲስ አበባ የመጣች፣ ጉለሌ ቤት ተከራይታ ቅቤና በርበሬ እየነገደች 4 ልጅ ብቻዋን ያሳደገች፣ ልጆቿ ከኛ ጋር ኑሪ ብለው ሲለምኗት "እኔ የሰው ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሞቴን አልጠብቅም" ያለች፣ 80 ካለፋት በኋላ እንኳን ብቻዋን በታክሲ ሽሮ ሜዳ የምትሄድ፣ ወያላው መልስ ካስቀረባት ታክሲውን የምታስቆም ሴት ነበረች። እኛ ያነበብነው ወረቀት ላይ ከዚህ አንድም የለም። ስሙን ቀይረህ ለየትኛውም እናት ብታነበው ያስኬዳል። ስለዚህ እናንተ እንደኔ እንዳይቆጫችሁ፣ ከዛ በኋላ እስከ 40ው፣ ከ40ውም እስከ ሙት ዓመቷ የተማርኩትን ልፃፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ በህይወት ካለች ዛሬ ጀምሩ። እኛ ሀገር ቀብር ወይ በዛው ቀን ወይ በማግስቱ ነው፣ ያላችሁ አንድ ሌሊት ነው፣ ውጪ ያላችሁት ደግሞ ትኬት ቆርጣችሁ ሳትደርሱ ያልቃል። በዛች ሌሊት የሰው ታሪክ አይፃፍም። ከሁሉ በፊት የክርስትና ስሟን ጠይቁና ፃፉት። ፍትሐቱ ላይ ካህናቱ የሚጠሩት እሱን ነው፣ እና ስንት ቤት "የክርስትና ስማቸው ማነው?" ሲባል ልጆች እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ። የንስሐ አባቷን ስልክም አብራችሁ ያዙ።

ከዛ ወሬውን። "ታሪክሽን ንገሪኝ" አትበሏት፣ ትዘጋባችኋለች ወይ "ምን ታሪክ አለኝ እኔ" ትላችኋለች። የኔ አያት እንደዛ ነበር የምትለው። እቃ አንሱና ጠይቁ፣ ሙዳዩን፣ አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል፣ ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ። ይሄ ከየት መጣ ካላችኋት ጠባሳው ባልየውን ያመጣል፣ ባልየው ቡልጋን ያመጣል፣ ቡልጋ ደግሞ ሌሊት በእግር የወጣችበትን መንገድ። ጥሩ ሰዓት ቡና ሲፈላ ነው፣ ከአቦል ይልቅ ቶና ላይ ሰው ይከፈታል፣ በረካ ላይ ደግሞ ሚስጥር ይመጣል። ስትቆጣ አታቋርጧት፣ ዓመተ ምህረት ስትሳሳትም አታርሟት፣ እሱን በኋላ እናንተ ትሰሩታላችሁ።

ስልካችሁ ይበቃል፣ ሌላ ማይክ አያስፈልግም። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አርጉት፣ አለበለዚያ መሀል ላይ ስልክ ይደወልና ሪከርዱ ይቋረጣል። የታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጡት፣ ረከቦቱ ላይ ካደረጋችሁት የሲኒው ኳኳታ ወሬዋን ይውጠዋል (የኔ የመጀመሪያው ሪከርድ ግማሹ እንደዛ ነው የጠፋው)። ሬዲዮና ቲቪ አጥፉ። ደሞ ሳታውቅ አትቅረፁ፣ ንገሯት፣ "ይሄን ለልጆች ላስቀምጠው ነው" ስትሏት ቶሎ ትረሳዋለች። "ይሄን አጥፋው" ያለችውን አጥፉ። ሲያልቅ እዛው ፋይሉን ቀኑንና የተወራውን ፅፋችሁ ሰይሙት፣ አንድ ቴሌግራም ላይ አንድ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ስልክ ይሰረቃል።

አሁን ዓመቱ ላይ ልምጣ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ያን ጊዜ የተወለዱ እናቶች ብዙዎቹ የልደት ወረቀት የላቸውም፣ መታወቂያ ላይ ያለው ዓመት በግምት የተሞላ ሊሆን ይችላል። የአያቴ መታወቂያ 1932 ይላል። እሷ ግን ቀረፃው ላይ "ጣሊያን ሲወጣ የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር" ትላለች። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው፣ የህፃን ጥርስ የሚወልቀው በ6 በ7 ዓመት ነው፣ ስለዚህ ልደቷ 1926 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ተጨማሪ ምስክር ፈልጉ፦ በታህሳሱ ግርግር፣ በ1953 ማለት ነው፣ ተኩስ ሲሰማ ሁለተኛ ልጇን እርጉዝ ሆና አልጋ ስር ገብታ እንደነበር ነግራኛለች፣ እና የአጎቴ እድሜ ከዚህ ጋር ይገጥማል። እንደዚህ መንጠላጠያ የሚሆኑ ጊዜዎች ብዙ አሉ፣ ጣሊያን የገባበት 1928፣ ጃንሆይ የወረዱበት መስከረም 1967፣ ትርፍ ቤት የተወረሰበት የ1967 ሐምሌ፣ ብር የተቀየረበት 1969፣ መሰረተ ትምህርት የተጀመረበት 1971፣ ኢህአዴግ የገባበት ግንቦት 1983። "ያኔ ስንት ልጅ ነበረሽ? የት ቤት ነበርሽ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ይወጣል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ "በ1926 ዓ.ም ገደማ" ብላችሁ ፃፉ፣ ምንም ነውር የለውም።

ወረቀቶቿን ደግሞ አትጣሉ!! ሳጥን ውስጥ፣ ፍራሽ ስር፣ የቅዱሳን ስዕል ጀርባ ያለውን ሁሉ እዩ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የእድር ደብተር፣ የቁጠባ ደብተር፣ የእቁብ ወረቀት። እኔ ከሁሉም በላይ ያስለቀሰኝ የእቁብ መዝገቡ ነው፣ በ1970 ስሟ አጠገብ ያለው የአውራ ጣት አሻራ ነው፣ በ1973 ግን ተንጋዶም ቢሆን ፊርማ ነው። በ40ዎቹ ዕድሜዋ ቀን ገበያ ውላ ማታ መሰረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጥራ ማለት ነው፣ ለማናችንም አውርታልን አታውቅም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ራሷ የእቁቡ ዳኛ ሆናለች። ይሄ አንድ ወረቀት "ጠንካራ ሴት ነበሩ" ከሚል መቶ ዓረፍተ ነገር ይበልጣል።

ፎቶዎቹን በመስኮት ብርሃን ያለ ፍላሽ አንሱ፣ ጀርባቸውንም አንሱ፣ የፎቶ ቤት ማህተምና ቀን ይኖራል። ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጠይቁና በእርሳስ በስሱ ፃፉ፣ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል።

ሰዎቹን በተመለከተ፣ ልጆች ብቻ አትጠይቁ። ልጅ የሚያውቀው እናቱን ነው፣ ሴትየዋን የሚያውቋት የማህበር ጓደኞቿ፣ የገበያ ደንበኞቿ፣ የተጣላቻቸው ጎረቤቶች ሳይቀሩ ናቸው። ለቅሶ ላይ ሙሾ ከወረደ ስሙ፣ ፃፉት፣ ግጥሙ ውስጥ እናንተ የማታውቁት አለ። የኛ ጎረቤት እንዲህ አለች፦

ማነው ሳትል ደጇን ለሰው አትከፍትም፣
ዛሬስ ወለል ብሏል እሷ ግን የለችም።

አያቴ ሙሉዋን በዚህ ሁለት መስመር ውስጥ አለች።

ወደ መፃፉ ስትመጡ፣ ቀብር ላይ የሚነበበው ከአንድ ገፅ ተኩል አይለፍ፣ ሰው ፀሀይ ላይ ቆሟል። የትውልድ ቦታና ወላጆች በሁለት መስመር ይበቃሉ። የቀረውን ቦታ ለሰራችው ስጡት፣ ምን ነገደች፣ ምን እምቢ አለች፣ ማንን አሳደገች። ያልወለደቻቸው ግን ያሳደገቻቸው ልጆች ስም ከወለደቻቸው እኩል ይግባ፣ የልጅ ልጆችን ቁጥር ሁለት ሰው ያረጋግጥ፣ አንድ ስም ከቀረ ለዓመታት ቂም ይሆናል። በአንቱታ ፃፉ፣ እሷ የተናገረችውን ግን እንዳለ በአፏ አስቀምጡት። "ደግ ነበሩ" ከማለት ያደረጉትን አንድ ነገር ንገሩ።

ከባዱ ጉዳይ የመጀመሪያው ባል፣ ፍቺው፣ ፀቡ ነው። ቤተሰብ "ይሄ ይቅር" ይላል፣ እኔንም ብለውኛል፣ ዝም ብዬ ቆረጥኩት። አሁን ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው፦ ሰውየውን አልሰድብም፣ ስሙንም አልጠራም፣ ግን "በ16 ዓመታቸው የተዳሩበትን ትዳር ትተው በራሳቸው ፈቃድ ወደ አዲስ አበባ መጡ" የሚለውን አልቆርጥም። እሱን ከቆረጣችሁ ከዛ በኋላ ያለው ህይወቷ መነሻ የለውም። በህይወት ያለ ሰው የሚጎዳ ነገር ከሆነ ግን ለቤት በሚቀረው ፅሁፍ ላይ ይቆይ። የሚያነበው ደግሞ የቅርብ ልጅ ባይሆን ይመረጣል፣ ሳግ ይይዘዋል። በትልቅ ፎንት ፕሪንት አርጉ፣ ሁለት ኮፒ።

ቀብር ላይ ያልተባለው በ40ው ይባላል። ተዝካር ላይ ሰው ረጋ ብሎ ይቀመጣል፣ እኔም ያበላሸሁትን ያስተካከልኩት ያኔ ነው፣ ፅሁፉን እንደገና ፅፌ ለማህበር ጓደኛዋ አስቀድሜ አነበብኩላቸው፣ ሶስት ቦታ አረሙኝ። የሚሰቀለው ፎቶም የመታወቂያ ጉርድ ባይሆን፤ የኛ አሁን ጃንጥላዋን ይዛ በር ላይ ቆማ የምትቆጣው ነው።

ድምፅዋን ለቅሶ ሰሞን አትክፈቱት፣ ሰው ይወድቃል። ለሙት ዓመቷ አቆዩት፣ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ ምረጡ። እኛ የመረጥነው ገንዘብ የበላባትን ነጋዴ እንዴት እንዳስከፈለችው የምታወራበትን ነው፣ መሀል ላይ ወሬዋን ትታ ጎረቤታችንን በስሟ ትጠራታለች፣ ያንን አልቆረጥነውም። ስንከፍተው ያቺ ጎረቤት ጓሮ እቃ እያጠበች ነበር። "አቤት እማማ" ብላ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች።