ቀለል ያለ ላፕቶፕ ለዲዛይን ሥራ ስትገዙ የምትጠነቀቁላቸው ስህተቶች

ለዲዛይን ሥራ የግድ ሦስት ኪሎ የሚመዝን ላፕቶፕ መሸከም ቀርቷል። ዛሬ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሆነ 14 ኢንች ማሽን ከባድ ሥራ ይወጣል። ግን ትንሽ የሆነ ሁሉ እኩል አይደለም። ልዩነቱም ሱቅ ውስጥ አይታይም፤ ገዝታችሁ ቤት ከገባችሁ በኋላ፣ ሬንደር (የሠራችሁትን ዲዛይን ወደ መጨረሻ ምስል ወይም ቪዲዮ መቀየር) ስትጀምሩ ነው የሚታየው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የግራፊክስ ካርዱን ስም ብቻ አይቶ ሲገዛ ነው። አርቲኤክስ 4060 የሚል ስቲከር ያለባቸው ሁለት ላፕቶፖች ፍጥነታቸው በጣም ሊራራቅ ይችላል። ኤንቪዲያ ይህን ካርድ ለላፕቶፕ ሲያወጣ የኃይል መጠኑን ከ35 እስከ 115 ዋት ድረስ አምራቾቹ እንዲመርጡ ትቶታል። ቀጭን ማሽን ብዙ ሙቀት ማስወጣት ስለማይችል ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለው ይሰጠዋል። ስለዚህ በቂ ዋት ያገኘ 4050 (በደረጃ ዝቅ ያለው ካርድ) ዋቱ የተቀነሰበትን 4060 ሊቀድመው ይችላል። ሻጩ ይህን ላያውቅ ይችላል፣ አትፍረዱበት። ማሽኑን አስከፍቱና ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ተመልከቱ። የካርዱ ከፍተኛ ዋት እዚያ ተጽፏል።

ፕሮሰሰር ላይም ያው ነው። “ኮር አይ 7 ነው” መባሉ አይበቃም፤ ከቁጥሩ መጨረሻ ያለውን ፊደል እዩ። አይ 7 1255ዩ እና አይ 7 12700ኤች ሁለቱም 12ኛ ትውልድ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ፈጣን ኮሮቹ (ሥራውን የሚሠሩት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለተኛው ስድስት አለው።

ሌላው ስህተት ለሁለት ደቂቃ ነካክቶ “ፈጣን ነው” ማለት ነው። ያልሞቀ ላፕቶፕ ሁሉ ፈጣን ነው። ማክቡክ ኤር ከ2020ው ኤም 1 ጀምሮ ማቀዝቀዣ ፋን የለውም። ለፎቶሾፕና ለኢሉስትሬተር ድንቅ ማሽን ነው፣ እኔም ለሎጎና ለፖስተር ሠሪ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ረጅም ቪዲዮ ወይም የብሌንደር ሬንደር ላይ ግን ሲሞቅ ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የራሳችሁን እውነተኛ ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሩብ ሰዓት አሠሩት። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ድገሙት። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ሁለተኛው ሙከራ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ብዙ ዊንዶውስ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ጉልበታቸው በግልጽ ይቀንሳል።

አርክቴክት ከሆናችሁ ከማሽኑ በፊት ሶፍትዌሩን አስቡ። አውቶካድና አርኪካድ ለማክ ተሠርተዋል። ሬቪት፣ ስሪዲኤስ ማክስና ሉሚዮን ግን የዊንዶውስ ናቸው።

ራምን “በኋላ እጨምራለሁ” ብሎ መግዛትም ያስቆጫል። በቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ አብዛኛውን ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፣ አይጨመርም። 16 ጂቢ መነሻው ይሁን። አፍተር ኢፌክትስና ትልልቅ የሬንደር ሥራ ካለባችሁ 32። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ይህን ሳይገዛ በፊት አረጋግጡ። አንዴ ከመጣ መመለሱ ከባድ ነው።

ስክሪኑን ደግሞ በፒክስል ብዛቱ ብቻ አትመዝኑት። “45 በመቶ ኤንቲኤስሲ” (ስክሪኑ ምን ያህል ቀለም ማሳየት እንደሚችል የሚለካበት መስፈርት) የሚል መግለጫ ካያችሁ እለፉት፤ ቀለሙ ደብዛዛ ስለሚሆን ማተሚያ ቤት የላካችሁት ሥራ ካያችሁት ተለይቶ ይመጣል። ኤስአርጂቢ በሚባለው ሌላ የቀለም መስፈርት 100 በመቶ የሚጠጋ ፈልጉ። 13 ኢንች ጠበበን ካላችሁ ቤት ለሚቀር ሞኒተር ገንዘብ መድቡ።

በመጨረሻ ቻርጀሩንም አንሱት። ላፕቶፑ ቀሎ ቻርጀሩ ከግማሽ ኪሎ በላይ የሚመዝንበት ጊዜ አለ። በዩኤስቢ ሲ 100 ዋት የሚቀበል ማሽን ከሆነ ትንሽ ቻርጀር ይዛችሁ ደንበኛ ጋ መሄድ ትችላላችሁ። ከባዱን ቻርጀር ሬንደር ለምትሠሩበት ጊዜ ቤት ተዉት።