የበዓሉ አውራ ዶሮና ሌሎች የጓሮ እርባታ ስህተቶች

ሥራዬ ዶሮ መከተብና ቄብ ማከፋፈል ነው። ሰፈሩ «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ግን ማረሙን ከተውኩት ቆይቷል። ስልኬ እረፍት የሚያጣው ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። የሚደውለው ሰው ይለያያል እንጂ ንግግሩ አንድ ነው፦ «ትናንት ደህና ነበሩ እኮ!»

አዎ፣ ደህና ነበሩ።

ከገበያ የመጣን ዶሮ ከመንጋው መቀላቀል

ጓሮው ውስጥ 15 ወይም 20 ዶሮ አለ። በዓል ሲቃረብ «ዋጋ ሳይንር» ተብሎ አንድ ቀይ አውራ ከገበያ ይገዛል። ለመታረድ የቀረው ሳምንት ብቻ ስለሆነ ለብቻው ቦታ ማዘጋጀት ለማንም አይታየውም። እግሩ በሲባጎ ይታሰርና የዶሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ከዚያው ውኃ ይጠጣል፣ ከዚያው ጥሬ ይለቅማል። ላባው የሚያብረቀርቅ፣ ኩኩሉ የሚያምር አውራ ነው። ማን ይጠረጥረዋል?

ገበያ ላይ ግን ከየገጠሩ ከመጡ ዶሮዎች ጋር ክንፍ ለክንፍ ተጣብቆ ውሏል። ፈንግል የሚባለው ገዳይ የዶሮ በሽታ ከያዘው ምልክቱ እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ቀን ይፈጃል፤ አንዳንዴ ሁለት ሳምንትም ይቆያል። ምልክቱ ሳይወጣ አውራው ድስት ውስጥ ገብቷል። በሽታውን ግን ለቤቱ ዶሮዎች ሰጥቶ ነው የሄደው። ከበዓሉ በኋላ አንዷ ክንፏን ጥላ ጥግ ትይዛለች። ኩሷ አረንጓዴ ውኃ ይሆናል። አፏን ከፍታ ታጣጥራለች። ቶሎ ያልሞተችው አንገቷ ይጣመምና ጥሬ ልትለቅም ስትል መሬቱን ትስተዋለች። በጥቂት ቀን ውስጥ ቤቱ ባዶ ይሆናል።

አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ብቻ ተርፈው አገኘሁ። «እማማ፣ የበዓሉን ዶሮ አንጀትና ላባ የት ጣሉት?» አልኳቸው። «ምን እጥላለሁ ልጄ፣ ዶሮዎቹ ራሳቸው ጨረሱት» አሉኝ። ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም።

ይህን በየዓመቱ እናገራለሁ፣ በየዓመቱም ይደገማል። ስለዚህ አሁንም ልበለው። ለእርድ የመጣ ዶሮ ከቤት ዶሮ ጋር አይገናኝም። ሌላ ጥግ፣ ሌላ የውኃ ዕቃ ይኑረው። ሲታረድ የታጠበበት ውኃ፣ ላባውና አንጀቱ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ለማርባት የገዛችኋት ከሆነች ደግሞ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። መኖ ስትሰጡ መጀመሪያ ነባሮቹን፣ በመጨረሻ አዲሷን። ጫማችሁንም ቀይሩ፤ ኩስ በጫማ ሶል ይጓዛል። ገበያ ወስዳችሁ ሳትሸጡ የመለሳችኋት ዶሮም እንደ አዲስ ትቆጠራለች። ይህን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ፈንግል ከገባ በኋላ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚ፣ አረቄ እያላችሁ አትድከሙ። ቫይረስ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ያለው ክትባት ብቻ ነው፤ እሱም ቀድሞ ሲሰጥ።

ክትባቱን ገድሎ ማጠጣት

«ከትቤ ነው ያለቁብኝ» የሚለኝን ሰው አላምነውም ማለት አይደለም። እንዴት እንደከተበ ግን እጠይቀዋለሁ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፤ ከዚያ እስከ እናንተ ቤት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ መምጣት አለበት። በኪስ ተይዞ ሁለት ታክሲ የቀየረ ጠርሙስ ክትባት አይባልም። ከበረዶ ጋር፣ በፔርሙስ ወይም በማቀዝቀዣ ሳጥን ይያዝ።

ሁለተኛው ገዳይ የቧንቧ ውኃ ነው። ክሎሪኑ ሰው እንዳይታመም ጀርም የሚገድል ነገር ነው፤ የክትባቱን ሕያው ቫይረስም አይምርም። ንጹሕ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ ተጠቀሙ። ካጣችሁ የቧንቧውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። በሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ስብ የሌለው የዱቄት ወተት ጨምሩበት፤ የተረፈውን ክሎሪን ያከሽፈዋል። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ የሳሙና ቅሪት አይኑርበት። ዶሮዎቹን አንድ ሁለት ሰዓት ውኃ ከልክሏቸውና ጠዋት በማለዳ ስጡ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ። የተረፈውን ለማታ የሚያስቀምጥ ሰው አጋጥሞኛል። አታስቀምጡ።

ኤች ቢ ዋን የሚባለው የፈንግል ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት ይሰጣል፣ ላሶታ የሚባለው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ይከተላል፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ ይደገማል። ለበዓል የምትዘጋጁ ከሆነ ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ከትቡ፤ ሰውነታቸው መከላከያውን ለመገንባት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ጠርሙሱ ለብዙ ዶሮ የተሠራ ነው፣ እናንተ ያላችሁ ደግሞ 8 ዶሮ ይሆናል። ጎረቤት አስተባብራችሁ በአንድ ቀን ከትቡ። ወጪው ይቀላል፣ ደግሞም የጎረቤት ዶሮ ካልተከተበ የእናንተም ሰላም አያገኝም።

የማያሞቅ አምፖል

ክረምት ላይ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ጋር ሄድኩ። የአንድ ቀን ጫጩት ወስደው፣ ካርቶን አዘጋጅተው፣ ሰጋቱራ አንጥፈው፣ አምፖል ሰቅለዋል። ሁሉም ነገር አምሮ ነበር። ጫጩቶቹ ግን ሌሊቱን ተደራርበው የታችኞቹ ታፍነው አድረዋል። አምፖሉን በእጄ ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነው። ኤልኢዲ ነበር። ጫጩቶቹ በደንብ እየተያዩ ነው የበረዳቸው።

ኤልኢዲና ኢኮኖሚ አምፖል ለማሞቂያ አይሆንም። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ወይም ለዚሁ የተሠራው ቀይ አምፖል ነው የሚያስፈልገው። የመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀነሳል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ጫጩቶቹን እዩ። አምፖሉ ሥር ከተፋፈጉ በርዷቸዋል። ግድግዳ ሥር ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። እዚህም እዚያም ተበትነው እየለቀሙ ከሆነ ሂዱና ተኙ።

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ የሣር ሳጥኑን ሥሩ። መሐሉ ላይ ለጫጩቶቹ ክፍት ቦታ ይተውና ዙሪያው በደረቅ ሣር ይጠቀጠቃል፤ ከላይ ጨርቅ ይለብሳል። የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ያሳድራቸዋል። ክፍል ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ መተው ግን ለጫጩቱም ለእናንተም ሞት ነው።

ለዓመታት ዶሮ ያላረባ ሰው 45 ቀን የሞላውን ቢገዛ ይሻለዋል። ሂሳቡ ውድ ይመስላል፤ የሚሞተውን ስትቀንሱ ግን አይደለም።

የሻገተ እንጀራ

«ለሰው አይሆንም፣ ለዶሮ ይሁን» የሚባለው ነገር ያናድደኛል። የሻገተ እንጀራ፣ የሻገተ ዳቦ፣ እርጥበት የነካው በቆሎ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ዶሮዋ ዛሬ በልታ ነገ ስለማትሞት ማንም አያገናኘውም። እንቁላል ትቀንሳለች፣ ትከሳለች፣ ክትባቱ እንኳን በደንብ አይሠራላትም። የደረቀ ንጹሕ ፍርፋሪ ይሰጣቸው፣ ጎመንም ይሰጣቸው፤ የሻገተው ግን ይጣል። ፋጉሎና በቆሎ ስትገዙ እጃችሁን ጆንያው ውስጥ አስገቡና አሽትቱ። ጆንያውንም ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ፤ ከሥሩ እንጨት ይደርደር።

አንዲት ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። ለ10 ዶሮ በወር 35 ኪሎ አካባቢ ማለት ነው። ይህን ሳያሰሉ ገብተው፣ መኖ ሲወደድ በፉርሽካ ብቻ ለመግፋት የሚሞክሩ አሉ። ፉርሽካ ሆድ ይሞላል፣ እንቁላል አይሆንም። የጣይ መኖ ደግሞ ለጫጩት አይሰጥም፤ ለቅርፊት የተጨመረው ካልሲየም የጫጩቱን ኩላሊት ይጎዳል።

ቴትራ በየሳምንቱ

ዶሮ ባስነጠሰች ቁጥር ከመድኃኒት ቤት ቴትራሳይክሊን ገዝቶ ውኃ ውስጥ መበጥበጥ ልማድ ሆኗል። ለፈንግል አይሠራም። ደም የተቀላቀለበት ኩስ ካያችሁም ምናልባት ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነው፤ እሱ የራሱ መድኃኒት አለው፣ መነሻውም የረጠበ ሰጋቱራ ነው። መድኃኒት በምትወስድበት ጊዜና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የጣለችው እንቁላል ደግሞ ለልጆቻችሁ አይሆንም። ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ዕቃው ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ብርድ ፈርታችሁ ቤቱን በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ጎንበስ ስትሉ የኩሱ ጋዝ ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ ዶሮዎቹ ቀኑን ሙሉ እሱን ነው የሚተነፍሱት። በካሬ ሜትር ከ5 ወይም 6 ጣይ በላይ አታጭቁ። ሸለመጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ይገባል፤ ሽቦውን በየሳምንቱ ዙሩት። እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልግም። ቦቫንስ የምትባለውን የፈረንጅ ጣይ ገዝታችሁ እስክትታቀፍ አትጠብቁ፤ አትታቀፍም። ጫጩት በእናቱ ማስፈልፈል ከፈለጋችሁ የሐበሻ ዶሮ አስገቡ። እሷ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ብትጥልም እናትነት ታውቃለች። እንቁላል በድንገት ከቀነሰ መብራቱንም አስቡ፦ የኛ ቀን 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ ጣይ ደግሞ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። ለዚህ ኤልኢዲው ይበቃል።

በግና ጥንቸል

ዶሮ የተሳካለት ሰው ቀጥሎ በግ ያስባል። ጥሩ ነው። ግን ከሣር የመጣን በግ በመጀመሪያው ቀን ገብስ አታጥግቡት። ሆዱ እህሉን ለመፍጨት አልተዘጋጀም፤ አሲድ ይሞላዋል። አንድ ደንበኛዬ በሩን ሳይቀረቅር ያደረ ቀን በጉ የዶሮውን መኖ ጆንያ አገኘው። ጠዋት ስደርስ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ጥርሱን እያፋጨ ተኝቷል። አልተረፈም። እህል በእፍኝ ይጀመራል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ድርቆሽ ከፊቱ አይጠፋም። የዶሮ መኖም ይቆለፍበታል።

ጥንቸል ቶሎ ይራባል፣ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን አብዛኛው የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሥጋውን አይበላም። በሥድስት ወር ግቢው ጥንቸል ብቻ ሆኖባቸው «ማን ይገዛኛል?» የሚሉ ደውለውልኛል። መጀመሪያ ገዢውን አግኙ፣ ከዚያ ጥንዱን ግዙ።

ሁዳዴ ላይ እንቁላል መጀመር

ጣይ ዶሮ ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሲሞላት ትጀምራለች። ብዙ ሰው ገንዘብ ባገኘበት ቀን ጫጩት ይገዛና እንቁላሉ ልክ ሁዳዴ ሲገባ ይጎርፋል። 55 ቀን! የመኖ ወጪ አይጾምም። ኅዳር አጋማሽ ላይ ጫጩት ያስገባ ሰው የመጀመሪያውን እንቁላል መጋቢት መጨረሻ ወይም ሚያዝያ አካባቢ፣ ጾሙ ሊያልቅ ሲል ወይም ሲፈታ ያገኘዋል። ለእንቁጣጣሽ አውራ መሸጥ የፈለገ ደግሞ እንደ ሳሶ ያለውን ዝርያ በግንቦት ያስገባ።

ሁዳዴ ላይ ከተያዛችሁም ዶሮዎቹን በድንጋጤ አትሽጡ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ፣ ኬክ ቤቶችና ሆቴሎች ይገዛሉ። የተረፈውን ሳታጥቡ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት፤ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት፣ አሮጌውም ቀድሞ ይውጣ።