ወለል ሥር የሚያፈስ ቧንቧ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ቧንቧ ስሠራ 15 ዓመት አልፎኛል። ከወለል ሥር የሚያፈስ ቧንቧ እናገኛለን ብለው ግማሽ ቤት ካፈረሱ በኋላ የሚጠሩኝ ሰዎች ግን ዛሬም አልቀነሱም። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እርጥበቱ የታየበትን ቦታ መስበር ነው። ውሃ ከተሰነጠቀው ቧንቧ ወጥቶ እዚያው ላይ ብቅ አይልም። ከኮንክሪቱ ሥር በተደለደለው ድንጋይና ገረጋንቲ ውስጥ ቁልቁለቱን ተከትሎ ይሄድና ስንጥቅ ባገኘበት ይወጣል። ከተማችን ደግሞ ተዳፋት ናት፤ የላይኛው ክፍል አፍስሶ የታችኛው ይረጥባል።

ማራኪ አካባቢ አንድ ቤት ሳሎኑ ረጥቦ ተጠራሁ። የቤቱ እናት ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ቆመው «ልጄ፣ ጠዋት ስጸልይ እዚህ ጋ እግሬን ይሞቀኛል» አሉኝ። እኔ የዕድሜ ነገር ነው ብዬ አለፍኩትና ሳሎኑን በመሮ ጀመርኩ። ስድስት ሴራሚክ አነሳሁ። ከሥሩ ጭቃ እንጂ ቧንቧ የሚባል ነገር አልነበረም። አመሻሽ ላይ ጫማዬን አውልቄ እሳቸው ያሉት ቦታ ቆምኩ። ይሞቃል። ከቦይለሩ የሚመጣው የሙቅ ውሃ መስመር ኤልቦው (መታጠፊያው) ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ያንን ሴራሚክ የሚመስል ገበያው ላይ ስላልተገኘ ሳሎናቸው እስካሁን ሁለት ቀለም ነው፤ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከቴክኒክና ሙያ አዲስ የወጣችሁ ልጆች፣ መሮ ከማንሳታችሁ በፊት የቤቱን ሰው ጠይቁ። ከዚያ መስመሩን ከፋፍሉት፦ የማድ ቤቱን፣ የመታጠቢያ ቤቱንና የሙቁን ለየብቻ እየዘጋችሁ የቱ ሲዘጋ መፍሰሱ እንደሚቆም እዩ። ውሃ ባለበት ሌሊት፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ረጅም ብረት ወለሉ ላይ አቁማችሁ ጫፉን ጆሯችሁ ላይ አድርጉ። የሚያፈሰው ቦታ ሹ... ይላል።

የውሃ ቆጣሪውን አለጊዜው ማንበብም አለ፦ ሁሉም ተዘግቶ ቆጣሪው ሲዞር ቧንቧ እያፈሰሰ ነው ይባላል፣ ግን ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል። ውሃ በፈረቃ እንደመጣ ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ብቻውን ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል፤ አየሩ እስኪወጣ ታገሡ። ሮቶው እየሞላ ከሆነም ቆጣሪው መዞሩ አይቀርም፣ መግቢያውን ዝጉት። ከሮቶው በኋላ ያለውን መስመር ለመፈተሽ ደግሞ ማታ የውሃውን ልክ ምልክት አድርጉና ሁሉን ዘግታችሁ ጠዋት እዩ። በ10 ደቂቃ 1 ሊትር የሚያፈስ ቧንቧ በቀን 144 ሊትር ይወስዳል፤ ከሰባት ጀሪካን በላይ ማለት ነው።

«ትንሽ ነው፣ እስከ በዓሉ ይቆይ» የምትሉ፣ እባካችሁ። ፈረቃው ሲያልፍ ቧንቧው ባዶ ይሆንና ውሃ ያወጣ የነበረው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። የመጸዳጃው መስመር በአጠገቡ ካለፈ ልጆች የሚጠጡት ያንን ነው። ዋልካ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ከሆነ ደግሞ አፈሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ ወለሉም ይሰነጠቃል።

የቆየ የብረት ቧንቧን በጎማ ላስቲክ ጠምጥሞ ሲሚንቶ ማልበስ ጥገና አይደለም። ለመገጣጠም ጫፉ ላይ ጥርስ ሲወጣለት ከዝገት የሚከላከለው ልባስ ስለሚላጥ ዝገቱ ከመገጣጠሚያው ይጀምራል። አንዱ ከተበላ ሌሎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። አሮጌውን መስመር ወለሉ ውስጥ ትታችሁ አዲሱን በግድግዳ አዙሩት፤ ብዙ ጊዜ ወጪውም ያንሳል።

ዩኒየን (ሁለት ቧንቧ የሚያገናኝ፣ በመፍቻ የሚፈታ ማያያዣ) ኮንክሪት ውስጥ አይቀበርም።

ፒፒአር (በሙቀት የሚያያዝ የፕላስቲክ ቧንቧ) ስትበይዱ ማሽኑ 260 ዲግሪ ይድረስ፤ የ20 ሚሊ ሜትሩን 5 ሰከንድ፣ የ25ቱን 7 ሰከንድ አሙቁ፣ ስታስገቡም አታጣምሙት። ጠብታ ያለበት ቧንቧ አይያያዝም። ሰው እየጠበቀ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ውሃውን ጨርሳችሁ አውጡና አድርቁት።

ወለሉን ስትሰብሩ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ፤ ሽቦም በዚያው ያልፋል።

በመጨረሻ የሚመጣው ስህተት ቶሎ መድፈን ነው። 3 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው፤ በሮቶ ሲፈተሽ ደረቅ የመሰለው በመስመር ውሃ ያፈስሳል። በእጅ ፓምፕ ፈትሹት፤ ፓምፕ ከሌለ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ይደር። ከመድፈናችሁ በፊት ከግድግዳው ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ፎቶ አንሱና ለባለቤቱ ስጡት።