አንቲቫይረስ የማያየውን ጥቃት ከፕሮሰሰሩ ቆጣሪዎች ማንበብ

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለ ቢሮ ሰርቨር እጠብቃለሁ። አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች ከማሳያቸው ሁሉ ከፕሮሰሰሩ ቆጣሪዎች ጥቃትን መለየትን አጥብቄ ነው የማስተምረው።

ስፔክተርና ሜልትዳውን የሚባሉት፣ ከፕሮሰሰሩ አሠራር ሚስጥር የሚያሾልኩ ክፍተቶች ይፋ የሆኑት ገና ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ፓቻቸውን (ክፍተቱን የሚደፍነውን ማስተካከያ) ሳትጭኑ ወደ ክትትል አትሂዱ።

ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስንት ትዕዛዝ እንደተፈጸመ፣ ካሽ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ውስጥ የተፈለገ ዳታ ስንቴ እንደታጣ (ካሽ ሚስ)፣ ፕሮግራሙ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ፕሮሰሰሩ የሚገምተው የብራንች ግምት ስንቴ እንደሳተ የሚመዘግቡ ቆጣሪዎች አሉ። ሊኑክስ ላይ ፐርፍ በሚባለው መሣሪያ ይነበባሉ። ፍለሽ ኤንድ ሪሎድ የሚባለው ጥቃት ዳታን ከካሽ እያስወጣ መልሶ ስለሚጭን፣ ካሽ ሚሱ ከትዕዛዙ ብዛት አንጻር ይንራል። በየ100 ሚሊሰከንዱ አንብቡ፤ ግን በአንዴ ብዙ ዓይነት ቆጠራ አትጠይቁ። በብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ሃይፐርትሬዲንግ (አንዱን ኮር ሁለት ትሬድ፣ ማለትም ሁለት የሥራ መስመር፣ ጎን ለጎን የሚያሠራው) ሲበራ ለአንድ ትሬድ የሚደርሱት እንደፈለጉ የሚመደቡ ቆጣሪዎች አራት ናቸው። የጠየቃችሁት ከዚያ ካለፈ ፐርፍ እያፈራረቀ ይቆጥርና የቀረውን በስሌት ይሞላዋል፤ አጭር ጥቃት በዚያች ክፍተት ያመልጣል።

ንባቦቹን አይቶ ጥቃትን የሚለይ ሞዴል ታሠለጥናላችሁ፤ ትልቁ ሥራ ግን ጥቃት የሌለበትን ጤናማ ቀን ንባብ መሰብሰብ ነው። የወር መጨረሻ ደመወዝ ሲሠራ፣ ሌሊት ባክአፕ ሲወሰድ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዳታቤዙ እንደ አዲስ ሲጫን፣ ካሽ ሚሱ ጥቃት ይመስላል። እነዚህን ያላየ ሞዴል በየወሩ መጨረሻ ሒሳብ ክፍልን ሌባ ያደርጋል። የጥቃቱን ናሙና ደግሞ ከኔትወርክ በተነጠለ የራሳችሁ ማሽን ላይ ብቻ ቅዱ።

ለሞዴሉ የብዙ የውሳኔ ዛፎችን ድምፅ የሚሰበስበው ራንደም ፎረስት ይበቃል። መፈተኛውን ግን በቀን ለዩ፤ መስመሮቹን በዘፈቀደ ከቀላቀላችሁ፣ ጎን ለጎን ያሉ ንባቦች ስለሚመሳሰሉ ውጤቱ ያታልላችኋል።

ሞዴሉ 99.9 በመቶ ትክክል ነው ሲባልም አትደሰቱ። በየ100 ሚሊሰከንዱ ማንበብ ማለት በቀን 864,000 ንባብ ነው፤ ከሺህ አንዱ ቢሳሳት 864 የሐሰት ማንቂያ ይመጣል። ማንም ሰው ይህን ሁሉ አይከታተልም፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያጠፋዋል። ስለዚህ በአንድ ንባብ አትጩኹ፤ ከተከታታይ 30 ንባብ 20ው ሲያጠራጥር ብቻ ይጩኽ። ሲጮኽ ፕሮሰሱን ከመግደላችሁ በፊት ማን እንዳስነሳው፣ በየትኛው ተጠቃሚ ስም እንደሚሠራ መዝግቡ።

ሆን ብሎ ቀስ የሚል አጥቂ በዚህ ወንፊት ሊያልፍ ይችላል። ለእሱ በየሰዓቱ ያለውን የካሽ ሚስ ድምር ለብቻው ያዙና ካለፈው ሳምንት ተመሳሳይ ሰዓት ጋር አስተያዩት።